31 የሌለው ካላንደር፦ ለአፕ የሚሆን አይከን እንዴት ይሳላል?

አንድ ወረቀት፣ ከላይ ቀለም የተቀባ መደብ፣ ሁለት ቀለበት፣ መሃል ላይ ቁጥር። የካላንደር አይከን ይኸው ነው፤ ማንም ልጅ በሁለት ደቂቃ ይስለዋል። ጣጣው የሚጀምረው ቁጥሩ ስንት ይሁን ሲባል ነው። ጉግል 31ን መርጧል። አፕል ብዙ ዓመት 17ን ይዞ ቆይቷል። በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ግን 31 የሚባል ቀን የለም፤ 12ቱ ወራት እኩል 30 ቀን አላቸው፣ ጳጉሜን 5 ናት፣ ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ 6 ትሆናለች። የኛን አቆጣጠር የሚያሳይ አፕ ሠርቶ 31 የተጻፈበት አይከን የሚለጥፍ ዴቨሎፐር አፑ ገና ሳይከፈት አሳጥቶታል። ከነጻ የአይከን ስብስብ ያገኙትን አውርዶ መለጠፍ ቀላል ስለሆነ ይህ ጥፋት ሳይታወቅ የሚፈጸም ነው።

ቁጥሩን ከመምረጣችን በፊት ግን ዓይን ምን ያህል ቦታ እንደተሰጠው እንወቅ።

በአይፎን መነሻ ስክሪን ላይ አንድ አይከን 60 ነጥብ (አፕል ስክሪኑን የሚለካበት አሃድ) ስፋት አለው። በማስመሪያ ሲለካ 1 ሴንቲሜትር ቢሞላ ነው። ሴቲንግ ውስጥ ሲገባ ወደ 29 ነጥብ ይወርዳል፣ ግማሽ ሴንቲሜትር ገደማ ማለት ነው። አንድሮይድ ላይ በኖቲፊኬሽን መስመር የሚታየው ደግሞ 24 በ24 ነው፤ ያውም ቀለሙ በሙሉ ተገፎ፣ ነጭ ቅርጽ ብቻ ሆኖ። ዲዛይነሩ ሲሠራ የሚያየው ግን በላፕቶፑ ላይ የተዘረጋ 1024 በ1024 ፒክስል ሸራ ነው። እዚያ ላይ ሁሉም ነገር ያምራል፤ የወረቀቱ ጥላ፣ የቀለበቱ ብልጭታ፣ ከዳር የታጠፈችው ጫፍ። ስልክ ላይ ሲወርድ ግማሹ ይጠፋል፣ ግማሹ ቆሻሻ ይመስላል።

ይህን በዓይን ለማየት ባለካሬ የሒሳብ ደብተር ይበቃል። 24 በ24 ካሬ ከልሉና ካላንደሩን እዚያ ውስጥ ሳሉት። ከየዳሩ 2 ካሬ ለመተንፈሻ ተዉ፤ ቁመት 20 ቀረ። ወረቀቱን 18 ካሬ ስፋት ስጡት። የዙሪያው መስመር ውፍረት 2 ካሬ ስለሆነ ውስጡ 14 ይቀራል። ወደ ላይ የሚወጡት ቀለበቶች 2 ካሬ ወሰዱ፣ ባለቀለሙ መደብ ከነመስመሩ 6፣ የታችኛው መስመር 2። ለቁጥሩ የተረፈው 14 በ10 ነው።

አንድ ተራ አኃዝ፣ ማለትም 0 እስከ 9 ከምንላቸው አንዱ፣ እንዲነበብ ቢያንስ 5 ካሬ ስፋትና 7 ካሬ ቁመት ይፈልጋል። ሁለት አኃዝና በመሃላቸው 1 ካሬ ክፍተት 11 በ7 ይሆናል። 14 በ10 ውስጥ ይገባል፤ በየጎኑ አንድ ካሬ ተኩል ትርፍ አለው። 31ም፣ 30ም፣ 17ም በዚህ መጠን በግልጽ ይነበባሉ። አሁን በቁጥሩ ፈንታ የወሩን ሰንጠረዥ ለማስገባት ሞክሩ። ሰባት ዓምድ፣ አምስት ረድፍ፣ እያንዳንዱ ቀን 1 ካሬ፣ በመካከላቸው 1 ካሬ ክፍተት፦ 13 በ9። በሒሳብ ይገባል። በዓይን ግን የሚታየው ወንፊት ነው። ለዚህ ነው በደህና የተሠሩ ትናንሽ አይከኖች ላይ ሙሉ ወር የማታዩት፤ ሦስት በሁለት ወይም አራት በሦስት የተደረደሩ ነጥቦች ወሩን ወክለው ይቆማሉ።

ለነገሩ ዘመኑ ሲቀየርም ይህ ችግር አልተቀየረም። ዲዛይነሯ ሱዛን ኬር እ.ኤ.አ. በ1984 ለወጣው የአፕል ኮምፒውተር፣ ለማኪንቶሽ፣ አይከን ስትሠራ የተሰጣት 32 በ32 ነጥብ፣ ጥቁርና ነጭ ብቻ ነበር። የዛሬ ስልክ ስክሪን ከዚያ እጅግ የጠራ ነው፤ የሰው ዓይን ግን ያው ነው፣ 1 ሴንቲሜትርም ያው 1 ሴንቲሜትር ነው።

ካልኩሌተር እንዳይመስል

ሰው ስልኩ ላይ አፕ ሲፈልግ አይከኖቹን አንድ በአንድ አያነብም። መጀመሪያ ቀለም ዓይኑን ይይዘዋል፣ ቀጥሎ የውጭ ቅርጽ፤ ዝርዝሩ የሚመጣው በመጨረሻ ነው፣ ብዙ ጊዜም እዚያ ሳይደርስ ነክቶታል። ስለዚህ ካላንደሩን ካላንደር የሚያሰኙት ከሩቅ የሚታዩት ነገሮች ናቸው። ከላይ መደብ ያለው፣ ከሥሩ ትናንሽ ካሬዎች በረድፍ የተደረደሩበት፣ ማዕዘኑ የተጠጋጋ ሣጥን ሳሉና ለሰው አሳዩ፤ ካልኩሌተር ቢላችሁ አትፍረዱበት። ካልኩሌተርም እንዲሁ ነው የሚሳለው፦ ከላይ የቁጥር ማሳያ፣ ከታች ቁልፎች።

ሁለቱን የሚለያቸው ትንሽ ነገር ነው። አንደኛው ቀለበቱ። ካልኩሌተር ላይ ከላይ የሚወጣ ነገር የለም። ቀለበቶቹ ደግሞ ሁለት መሆን አለባቸው። መሃል ላይ አንድ ብቻ ከሆነ ወረቀት መያዣ ሰሌዳ ይሆናል፣ ዳር እስከ ዳር ከተደረደሩ ማስታወሻ ደብተር ይሆናል። ሌላው ዘዴ ይበልጥ ደስ ይለኛል፦ ከመጀመሪያው ረድፍ መነሻ አንድ ሁለት ካሬ፣ ከመጨረሻው ረድፍ ማብቂያ ደግሞ አንድ ሁለት ካሬ መንሳት። ወር በሳምንቱ መሃል ይጀምራል፣ በሳምንቱ መሃል ያልቃል፤ ይህን የተጎረደ ቅርጽ ዓይን ሳያስብበት ያውቀዋል። የካልኩሌተር ቁልፍ ተጎርዶ አያውቅም። በተጨማሪ አንዷን ካሬ ብቻ በሌላ ቀለም ብትሞሏት «ዛሬ» ትሆናለች፣ ነገሩም ያልቃል።

እዚህ ላይ የሚነሳ ጥያቄ አለ። ብዙዎቻችን ቤት ግድግዳ ላይ ያለው ካላንደር ቀለበት የለውም። ከላይ በቆርቆሮ ተጠርዞ በሚስማር የሚንጠለጠል ነው፣ ወይም ደግሞ ከላይ ትልቅ ፎቶ፣ ከሥሩ 13ቱ ወራት የታተሙበት አንድ ሰፊ ወረቀት። ታዲያ አይከኑ እሱን ለምን አይመስልም? መምሰል ስለማይጠበቅበት። ተጠቃሚው ይህን ምልክት የተማረው ከግድግዳ አይደለም፣ ከስልኩ ነው። ፍሎፒ ዲስክ በእጁ ይዞ የማያውቅ ወጣት የፍሎፒ ምልክቱን ነክቶ ፋይሉን ያስቀምጣል፤ ዕቃው ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል፣ ምልክቱ ግን እየሠራ ነው። ባለሁለት ቀለበቱ ወረቀትም እንዲሁ ከዕቃው ተላቆ ራሱን የቻለ ፊደል ሆኗል። የኛን የግድግዳ ካላንደር አስመስሎ መሳል የሚያምር ሥዕል ሊወጣው ይችላል፤ በ1 ሴንቲሜትር ግን የፎቶ አፕ ይመስላል።

17ቱ ከየት መጣ?

አፕል አይካል የተባለውን የካላንደር ፕሮግራሙን ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. ጁላይ 17 ቀን 2002 ኒውዮርክ በተካሄደው የማክወርልድ ጉባኤ ላይ ነበር። አይከኑ ላይም ያችው ቀን ተጻፈች። ከዚያ የአፕል ካላንደር ኢሞጂም ጁላይ 17ን ወረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ኢሞጂፒዲያ የተባለው የኢሞጂ ማውጫ ድረ ገጽ መሥራች ጄረሚ በርጅ ከዚህ ተነስቶ ጁላይ 17 የዓለም ኢሞጂ ቀን እንዲሆን አደረገ። በኛ ሐምሌ 10 መሆኑ ነው። የአንድ ፕሮግራም ምርቃት የዓለም በዓል ሆነ ማለት ነው፤ አይከን ላይ የሚጻፍ ቁጥር ቀላል እንዳልሆነ የሚያሳይ ነገር አለው።

ኮምፒውተሮችና ስልኮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደልና የምልክት መዝገብ፣ በዩኒኮድ ሰንጠረዥ ውስጥ፣ ለካላንደር ሦስት ኢሞጂ አለ። ተራው ካላንደርና በየቀኑ የሚቀደደው እ.ኤ.አ. በ2010 ገቡ፣ ባለ ጠመዝማዛ ሽቦው በ2014 ተከተለ። ሦስቱን በትንሽ መጠን ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው መለየት ያስቸግራል። ሦስት ዓይነት ዕቃ መኖሩ ሦስት ዓይነት ምልክት ያስፈልጋል ማለት እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

የአፕል አይከን ከዚያ ወዲህ ብዙ ተጉዟል። እ.ኤ.አ. በ2011 የማኩ ካላንደር ውስጡ ቆዳና ስፌት፣ ከላዩ የተቀደደ ወረቀት ርዝራዥ ነበረው። በ2013 ሁሉም ተገፈፈ። አሁን የአይፎኑ አይከን ነጭ መደብ፣ ከላይ በቀይ የዕለቱ ስም፣ ከሥሩ በጥቁር ትልቅ ቁጥር ብቻ ነው። ቀለበት የለ፣ ከላይ ቀለም የተቀባ መደብ የለ። አፕል ይህን ማድረግ የቻለው ሁለት ነገር ስላለው ነው፦ አይከኑ ከስልኩ ጋር አብሮ ይመጣል፣ ቁጥሩም በየቀኑ ይለወጣል። እነዚህ ሁለቱ የሌሉት አፕ ያንን ገጽታ ሲቀዳ ነጭ ላይ የተጻፈ ቁጥር ብቻ ይቀረዋል።

ጉግል ሌላ ትምህርት ትቶልናል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2020 የጂሜይልን፣ የድራይቭን፣ የሚትንና የካላንደርን አይከኖች በአንድ ላይ ቀይሮ ሁሉንም በአራቱ የድርጅቱ ቀለሞች ቀባቸው። ሰዉ ወዲያው አጉረመረመ፤ አንዱን ከሌላው መለየት አቃተን አለ። ቤተሰብነታቸው ጎልቶ ማንነታቸው ደበዘዘ። ካላንደሩ ከሌሎቹ በተሻለ የተረፈው መሃሉ ላይ 31 ስለተቀመጠለት ነው ብዬ አምናለሁ።

ስንት ብለን እንጻፍ?

ወደ ራሳችን እንመለስ። 31 ወድቋል። ቀጥሎ ለብዙ ሰው የሚመጣለት 13 ነው። «የ13 ወር ጸጋ» የሚለውን መፈክር ያቆዩልን የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት የሚባሉት ሀብተሥላሴ ታፈሰ ናቸው፤ ቁጥሩ ኩራት አለው፣ ውጭ ያለውም ወገን ይወደዋል። ነገር ግን በካላንደር ወረቀት መሃል የተቀመጠ ቁጥር ቀን ነው፣ ወር አይደለም። 13 የተጻፈበትን አይከን ያየ ሰው «ወር በገባ በ13» ብሎ ያነባል እንጂ ጳጉሜን ትዝ አትለውም። ወራቱን በነጥብ ልሳል፣ 12 ትልልቅ ካሬና አንዲት ትንሽ፣ ብሎ የሚያስብም አለ። ሐሳቡ ያምራል፤ እኔም በትልቅ ፖስተር ላይ ባየው ደስ ይለኛል። በ24 ካሬ ግን ትንሿ ካሬ የፋይል ስሕተት ትመስላለች፣ የቀረውም ካልኩሌተር ነው።

1 ሌላው አማራጭ ነው፣ መስከረም 1። አንድ አኃዝ ስለሆነ እንደልብ ሊወፍር ይችላል። ጉዳቱ ስልክ ላይ ብቻውን የቆመ 1 ሌላ ሥራ መያዙ ነው፦ ያልተነበበ አንድ መልእክት አለህ ማለት ነው።

30 ደህና ነው። እውነት ነው፣ ይነበባል፣ በኛም በፈረንጁም አቆጣጠር ያለ ቀን ነው። ለምሳሌ ዋሽንግተን ያለ ሰው በሥራው ጁንና ጁላይ እየቆጠረ፣ ጾምና በዓሉን ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስለሚከታተል ሁለቱም ጋ የማያሳፍር ቁጥር ጥቅም አለው። የማትሳሳቱበትን ከፈለጋችሁ 30 ጻፉና ወደ ሌላ ሥራ ሂዱ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ፴ን እመርጣለሁ። ምክንያቱ ጌጥነቱ አይደለም። አይከን ሁለት ጥያቄ ይመልሳል፦ «ካላንደር ነው?» እና «የትኛው ካላንደር?» ብዙ አንድሮይድ ስልክ ላይ የጉግል ካላንደር አስቀድሞ ተጭኗል። የናንተ አፕ የሚቀመጠው ከሱ ጎን ነው። ወረቀቱና ቀለበቱ የመጀመሪያውን ጥያቄ ይመልሳሉ፣ ሁለተኛውን መመለስ ያለበት ቁጥሩ ነው። ፴ ይህን ያለምንም ተጨማሪ ጌጥ ያደርገዋል። ተጠቃሚው ሠላሳ ብሎ ማንበብ ባይችል እንኳ ከላይና ከታች ያሉትን ሰረዞች አይቶ የግእዝ ቁጥር መሆኑን ያውቃል፤ ለአይከን ይህ ይበቃል። ሌላ ጥቅምም አለው፦ የግእዝ ቁጥር ዜሮ ስለሌለው አሥርና ሃያ፣ ሠላሳም የየራሳቸው አንድ አንድ ምልክት አላቸው። 30 ሁለት አኃዝ ሲወስድ ፴ አንድ ነው። በስፋት የተረፈውን ቦታ ለማወፈር ትጠቀሙበታላችሁ።

አስቸጋሪው ቁመቱ ነው። ወደ ሒሳብ ደብተሩ ተመለሱ፦ የላይኛው ሰረዝ 1 ካሬ፣ ክፍተት 1፣ አካሉ 5፣ ክፍተት 1፣ የታችኛው ሰረዝ 1፤ ድምሩ 9። ያለን 10 ነው። ሰረዞቹ ከላይ ከመደቡ፣ ከታች ከወረቀቱ ጠርዝ ጋር ሊጣበቁ ግማሽ ካሬ ቀራቸው፣ ያ ደግሞ ስክሪን ላይ ግራጫ ጭጋግ ይሆናል። መፍትሔው ከፎንት የተወሰደውን ፊደል ትቶ በእጅ መሳል ነው። ሰረዞቹን ከአካሉ ጋር አነካኳቸው፣ ሁለቱ ክፍተቶች ይቀሩና ቁመቱ 7 ይሆናል፤ ልክ እንደ ተራው አኃዝ። ለኖቲፊኬሽን መስመሩ ደግሞ ቁጥሩን ጨርሶ ማውጣትና ወረቀቱን ከሁለት ቀለበቱ ጋር ብቻ መተው ነውር የለውም። በየመጠኑ የተለያየ ሥዕል ማዘጋጀት የተለመደ ነው።

ከፎንት የምትነሱ ከሆነ እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለ በነጻ ፈቃድ የሚገኝ ምረጡ፤ ከዚያም ፊደሉን ወደ ቅርጽ ለውጡት። ቬክተር ፋይሉ (ሥዕሉ በመስመርና በቅርጽ የሚቀመጥበት ፋይል) ውስጥ እንደ ጽሑፍ ከተተወና የሚከፍተው መሣሪያ የግእዝ ፎንት ከሌለው ፴ የነበረበት ቦታ ባዶ ሣጥን ይወጣል።

በየቀኑ የሚለወጥ አይከን

«ለምን የዕለቱን ቀን አያሳይም?» የሚለው ጥያቄ የማይቀር ነው። አፕል ያደርገዋል። የጉግል ካላንደርም እንደ ጉግሉ ፒክስል ባሉ ስልኮች ላይ ያደርገዋል፤ ለ31ዱ ቀን 31 ሥዕል ተዘጋጅቶ የመነሻ ስክሪኑ ፕሮግራም የዕለቱን እየመረጠ ያስቀምጣል። ይህ ግን የስልኩና የመነሻ ስክሪኑ ባለቤቶች ለራሳቸው ያመቻቹት መንገድ ነው። ከውጭ ለመጣ አፕ በሩ ጠባብ ነው። አይፎን እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ አፕ አይከኑን እንዲቀይር ይፈቅዳል፤ ነገር ግን አፑ ተከፍቶ ሳለ መሆን አለበት፣ አይከኑ መቀየሩንም ለተጠቃሚው በመልእክት ያሳውቃል። በየማለዳው «አይከኑ ተቀይሯል» የሚል አፕ ሳምንት አይቆይም፣ ይሰረዛል። አንድሮይድ ላይ ለአንዱ አፕ የየራሳቸው አይከን ያላቸው 30 መግቢያ አዘጋጅቶ አንዱን እየከፈቱ ሌላውን የመዝጋት ዘዴ አለ፤ አይከኑ ከመነሻ ስክሪን ላይ እንዲጠፋ የሚያደርግበት ጊዜ ስላለ አልመክርም።

የዕለቱን ቀን ማሳየት የዊጄት፣ ማለትም አፑ ሳይከፈት መነሻ ስክሪኑ ላይ መረጃ የሚያሳየው ሣጥን፣ ሥራ ነው። እዚያ ቦታም ስፋትም አለ፤ የኢትዮጵያውን ቀን በትልቁ፣ የፈረንጁን ከሥሩ በትንሹ። ስሌቱን ከባዶ መጻፍ አያስፈልግም፤ የኢትዮጵያ አቆጣጠር በአፕል መሣሪያዎችም፣ በብራውዘር ጃቫስክሪፕት ውስጥም ተዘጋጅቶ አለ። እዚህ ላይ ግን የግእዝ ቁጥር ሌላ ባሕርይ ያመጣል። ከ30ው ቀን 12ቱ፣ ማለትም ከ፩ እስከ ፲፣ ፳ እና ፴፣ አንድ ምልክት ናቸው፤ 18ቱ ሁለት ምልክት ይወስዳሉ። መጠኑን በ፩ ለክታችሁ ካስቀመጣችሁ በ፲፩ ይፈስሳል። ሁልጊዜ በሰፊው፣ ለምሳሌ በ፳፰፣ ለኩ። ከ፲ በላይ ያለውን የግእዝ ቁጥር ሳያመነታ የሚያነብ ሰው ብዙ ስላልሆነም ዊጄት ላይ ተራውን አኃዝ መምረጫ አስገቡለት። አይከን ምልክት ነው፣ ዊጄት ግን ይነበባል።

ቀኑ መቼ ይለወጥ የሚለውም ይነሳል። በኛ አነጋገር ቀን የሚጀምረው ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው፣ በቤተ ክርስቲያን ደግሞ በዓል ከዋዜማው ይገባል፤ ስልክ ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ይገለብጠዋል። ስልኩን ተከተሉ። ሁለት ቀን ጎን ለጎን የሚያሳይ ዊጄት ላይ አንዱ ተለውጦ ሌላው ስድስት ሰዓት ቢዘገይ ተጠቃሚው አፑ ተበላሽቷል ነው የሚለው።

ሌላ ምን ልጨምርበት?

ምንም። ይህን ለመቀበል ግን ይከብዳል፤ በተለይ አሠሪው አጠገባችሁ ቆሞ «ኢትዮጵያዊ መልክ ይኑረው» ሲል። አደይ አበባ ይግባበት ይባላል። ንጹሕ ቢጫ በነጭ ላይ ያለው የብርሃን ልዩነት 1.07 ለ1 ነው፤ የድር ተደራሽነት መመሪያው ለምልክቶች የሚጠይቀው ቢያንስ 3 ለ1። አበባውን ከማየት መገመት ይቀላል። በዚያ ላይ አይፎን ላይ አበባ የፎቶ አፕ ነው። ሰንደቅ ዓላማው ይግባ ይባላል። አረንጓዴና ቀይ መለየት የሚያስቸግራቸው ወንዶች ጥቂት አይደሉም፤ የኋላ ኋላ ደግሞ ቀለሙን ስልኩ ራሱ ይገፈዋል። አንድሮይድ እ.ኤ.አ. ከ2022፣ አይፎን ከ2024 ጀምሮ ተጠቃሚው አይከኖቹን በሙሉ በአንድ ቀለም እንዲነክር ይፈቅዳሉ። በቀለም ብቻ የቆመ ማንነት እዚያ ላይ ያበቃል። መስቀል ይግባ ሲባል ሙስሊሙ ተጠቃሚ የኔ አይደለም ብሎ ያልፈዋል፤ ጨረቃ ሲገባ ደግሞ ክርስቲያኑ፣ በተጨማሪም ስልክ ላይ ጨረቃ «አትረብሹኝ» የሚለው ምልክት ነው። ሰዓት ከተጨመረ ትርጉሙ ወደ ቀጠሮ ይዞራል፣ የመደመር ምልክት ከተጨመረ «አዲስ መዝግብ» ይሆናል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለዚህ ነው፦ ኢትዮጵያዊነቱን ለማጉላት ሲባል ካላንደርነቱ ይጠፋል።

አንድ ቀለም ግን ዋጋ አለው፣ ቀይ። በወረቀት ካላንደሮቻችን ላይ እሑድና በዓላት በቀይ ነው የሚታተሙት። የላይኛውን መደብ ቀይ ማድረግ ከሌላው ዓለም ልማድም ከኛም ጋር ይገጥማል። አረንጓዴ መደብም ይሠራል፣ ከጉግሉ ሰማያዊም ይለያል። ሁለቱን ባንድ ላይ አታድርጉ።

የቀኝ ላይኛው ማዕዘን ላይ አስፈላጊ ነገር አታስቀምጡ፤ ያልተነበበ ሲኖር ቀዩ ክብ ከነቁጥሩ የሚያርፈው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። አንድሮይድ ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ከአንድሮይድ 8 ወዲህ አይከን የሚሠራው 108 በ108 በሆነ ሸራ ላይ ነው፣ የስልኩ አምራች በክብም በተጠጋጋ ካሬም ቆርጦ ያሳየዋል። በማንኛውም አቆራረጥ እንደማይነካ የተረጋገጠው መሃል ላይ ያለ 66 ስፋት ያለው ክብ ብቻ ነው። በዚህ ክብ ውስጥ የሚገባ ትልቁ ካሬ ጎኑ 46 ተኩል ገደማ ነው። ከነቀለበቱ ወረቀታችሁ ከዚህ ከበለጠ አንዱ ስልክ ላይ ማዕዘኑ፣ ሌላው ላይ ቀለበቱ ይቆረጣል። አይፎን ላይ አይከኑ ራሱ ወረቀት መሆን ሲችል አንድሮይድ ላይ ግን ባለቀለም መደብ ላይ የተቀመጠ ትንሽ ወረቀት እንዲሆን የሚያስገድደው ይህ ነው። ሁለቱን በአንድ ፋይል ለመሸፈን አትሞክሩ።

ሲያልቅ ለሰው አሳዩት። ግን «ይሄ ምንድን ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ተጠያቂው አፍጥጦ ካየው ምንም ነገር ያውቀዋል። አይከኑን በሰው ስልክ ላይ ከሌሎች ሃያ አይከኖች መካከል አስቀምጡና «እትዬ፣ የሚቀጥለው ሳምንት ማኅበር ስንት ቀን ላይ እንደሚውል ቢያዩልኝ» በሏቸው። ጣታቸው ወዴት እንደሚሄድ ተመልከቱ። የጉግሉ ላይ ካረፈ «የትኛው ካላንደር?» የሚለው አልተመለሰም። ካልኩሌተሩ ላይ ካረፈ የመጀመሪያውም አልተመለሰም። ፀሐይ ላይ፣ የስክሪኑ ብርሃን ዝቅ ባለበትም ሞክሩት።

የቀረው ከአይከኑ ሥር የሚጻፈው ስም ነው። አፕ ስቶርም ጉግል ፕሌይም ለአፕ ስም እስከ 30 ሆሄ ይፈቅዳሉ፤ መነሻ ስክሪን ላይ ግን ከአሥር እምብዛም የማይበልጥ ሆሄ ነው የሚታየው፣ የግእዝ ፊደል ሰፋ ስለሚል ደግሞ ከዚያም ያንሳል። «የኢትዮጵያ ዘመን መቁጠሪያ» ያላችሁት እዚያ ሲደርስ «የኢትዮጵያ…» ሆኖ ይቆረጣል። ሬዲዮ ይሁን መዝገበ ቃላት አይለይም። ረጅሙ ስም በስቶሩ ገጽ ላይ ይቀመጥ፤ ከአይከኑ ሥር «ካላንደር» ይበቃል።